ስምንት ግራም

ጋራዤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሚዛን አለች። ስፋቷ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ወርቅ አንጥረኞች ፊት ከምትቀመጠው ብዙም አትለይም። አንድ ጊዜ ለቡና የመጣ ወዳጄ አይቷት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወርቅ ጀመርህ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የምመዝንባት ፍላጻ መሆኑን ስነግረው፣ ወርቅ ነው ብለው ከሚደነግጠው በላይ ደነገጠ።

በአሜሪካ የፍላጻ ክብደት የሚለካው በግራም አይደለም፤ «ግሬን» በሚሉት ነው። ቃሉ የእህል ቅንጣት ማለት ነው፤ ሰዎች በገብስና በስንዴ ፍሬ ይመዝኑ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። ሰባት ሺህ ግሬን አንድ ፓውንድ ይሞላል። 400 ግሬን 26 ግራም ገደማ ነው፤ 525 ግሬን ደግሞ 34 ግራም። በእኛ በወቄት ብናስበው፣ ወቄት 28 ግራም ገደማ ነውና፣ የመጀመሪያው ከወቄት ጥቂት ያንሳል፣ ሁለተኛው ከወቄት ጥቂት ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስምንት ግራም ነው። ከእነዚህ ስምንት ግራሞች በወዲያኛው በኩል በነበርሁ ጊዜ አንድ እንስሳ አቁስዬ አጥቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ቀስት ወደ እኔ የመጣው በጆሮዬ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እኔና ባለቤቴ አሁን ወዳለንበት ቤት፣ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለችው ወደ አውሮራ፣ ስንገባ ከአጥሩ ወዲያ ማታ ማታ «ድው» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ። የት እንደማውቀው ለማስታወስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እናቴ ጥጥ ስትነድፍ የደጋኗ ጅማት የሚያሰማው ድምፅ ነበር። በቋንቋችን ደጋን የጥጥ ነዳፊዋም የአዳኙም መሣሪያ ስም ነው፤ ይህን ልብ ያልሁት ግን ከአሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ሆኜ ነው። በአጥሩ ላይ አንገቴን ሳሰግግ፣ ጡረታ የወጡ በያጅ የሆኑት ሽማግሌ ጎረቤቴ ከስፖንጅ የተሠራ ዒላማ ላይ ይወረውራሉ። «ና፣ ሞክረው» አሉኝ። ሞከርሁት፤ በዚያው ቀረሁ።

እኔ ባደግሁበት አካባቢ ቀስት የያዘ አዳኝ አይቼ አላውቅም። ስለ አደን የሰማሁት ሁሉ የጠመንጃ ነው፤ ፉከራውም የጠመንጃ፣ ቀረርቶውም የጠመንጃ። እዚህ ግን የቀስት ወቅት የሚባል አለ፤ መስከረምን ሙሉ ማለት ይቻላል። ተራራው ላይ አስፐን የሚሉት ዛፍ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሚሆንበት፣ ኮርማው ኤልክ እንስቶቹን ለመጥራት ሌሊትና ንጋት ላይ እንደ ዋሽንት የቀጠነ ጩኸት የሚለቅበት ሰሞን ነው። ኤልክን ለማያውቅ አንባቢ፦ የአጋዘን ወገን ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ኮርማው ከሦስት መቶ ኪሎ ያልፋል። የሸዋኒ ሕዝብ ዋፒቲ ይለዋል፣ ነጭ ዳሌ እንደ ማለት ነው። ኮሎራዶ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የሚበልጥ የኤልክ ብዛት ያለባት ናት። ሕጉም ዝም ብሎ አይለቅህም፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ሳይማር ፈቃድ አይሸጥለትም። ቀስቱ ቢያንስ 35 ፓውንድ የሚስብ፣ የፍላጻው ራስ ስለት ያለው ብረት፣ ስፋቱም ከ22 ሚሊ ሜትር የማያንስ መሆን አለበት። ከዚህ ዝቅተኛ ልክ በላይ ያለውን ሁሉ ግን ሕጉ ለአዳኙ ትቶታል። ኅሊና ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ፍላጻዎቼን የገዛሁበት ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ሻጭ ወጣትና ትጉህ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ፍጥነት ትፈልጋለህ?» እኔም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ብዙ ፈለግሁ። 400 ግሬን የሚመዝኑ ቀጫጭን የካርቦን ፍላጻዎች ሸጠልኝ። ራሳቸውም ተከፋች የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ምላጮቹ በበረራ ጊዜ ታጥፈው ይቆዩና ገላ ሲነኩ እንደ ጃንጥላ ተከፍተው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይቆርጣሉ። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ያስፈራ ነበር። እኔ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ሁሉ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀስት ሲሳብ የሚያጠራቅመው ጉልበት ለቀላሉም ለከባዱም ፍላጻ ያው ነው። የእኔ ቀስት 65 ፓውንድ ትስባለች። ቀላሉን በሰከንድ 84 ሜትር ገደማ፣ ከባዱን 74 ሜትር ገደማ ትወረውረዋለች። ጉልበታቸውን በጁል ያሰላ ሰው ሁለቱንም ከ90 እምብዛም ፈቅ ሳይሉ ያገኛቸዋል፤ ሻጩም የነገረኝ ይህንኑ ነው፣ አልዋሸኝም። ክብደትን በፍጥነት ያባዛ፣ የፊዚክስ መምህራችን «ሞመንተም» ይሉት የነበረውን ያሰላ ሰው ግን ከባዱን በ16 በመቶ ገደማ በልጦ ያገኘዋል። አውድማ ላይ እህል ሲዘራ ያየ ይህ አይጠፋውም። ፍሬውም ገለባውም በአንድ መንሽ፣ በአንድ ክንድ ነው የሚነሣው። ነፋስ ሲገጥማቸው ግን ገለባው ይመለሳል፣ ፍሬው መንገዱን ይቀጥላል። ፍላጻም ዒላማ ስፖንጅ ላይ ሲተከል ቀላልነቱ አይታወቅም። የሚታወቀው የሚመልሰው ነገር ሲገጥመው ነው።

የገጠመው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በመስቀል ሰሞን ነው።

ከጎረቤቴ ጋር በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ፍላት ቶፕስ በሚሉት አምባ ላይ ነበርን፤ ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ። እሳቸው ከኋላዬ ተደብቀው የእንስቷን ድምፅ ሲያሰሙ ኮርማው ከጥዱ ውስጥ እየተቆጣ ወጣ። እንፋሎቱ ይታየኛል። በመለኪያው 27 ሜትር። ጎኑን ሰጥቶኛል። ስቤ ያዝሁ፣ አነጣጠርሁ፣ ለቀቅሁ፤ እሱም ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንድ እርምጃ ብቻ።

ሳንባ ያገኘ ፍላጻ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጎረቤቴ እንደ ከበሮ ይሉታል። እኔ የሰማሁት ግን «ቋ» የሚል፣ መዶሻ ድንጋይ ሲመታ ያለ ነው። ፍላጻው ግማሽ በሚበልጠው አካሉ ከትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ፣ ነጩ ላባ እየተወዛወዘ፣ ኮርማው ወደ ጥዱ ተመለሰ።

አንድ ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። ቆስሎ የሄደን እንስሳ ወዲያው መከተል እንዲሮጥ ማድረግ ነው፤ ቢቀመጥ ይሞታል፣ ቢሮጥ ግን ሸለቆ ያቋርጣል። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ደሙን ተከተልን። ደም ለሚያነብ ሰው ደብዳቤ ነው። አረፋ ያዘለ ፈዘዝ ያለ ቀይ ከሳንባ ነው፤ ጥቁር ቀይ ከጉበት ነው፤ አረንጓዴ ነገር ከተቀላቀለበት ከሆድ ነውና እስኪነጋ መጠበቅ አለብህ። እኛ ያገኘነው አረፋ የሌለው ደማቅ ቀይ፣ በየአምስት እርምጃው ጠብታ፣ ከዚያ በየአሥር፣ ከዚያ በየሃያ ነበር። የሥጋ ደም ነው። አራት መቶ እርምጃ ያህል ሄደን የመጨረሻዋን ጠብታ አንዲት የአስፐን ቅጠል ላይ አገኘናት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ሁለት ቀን ፈለግን። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ የፍላጻውን የኋላ ክፍል አገኘሁት፤ ከ71 ሴንቲ ሜትሩ 54ቱን። ቀሪው ከነራሱ እሱ ዘንድ ነው። ጎረቤቴ ስብራቱን በጣታቸው ዳስሰው «ትከሻው ላይ ቆሟል፤ ሊተርፍም ይችላል» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቀስት ወደ መኪናው ጫኑና «የዘንድሮውን ወስደሃል፤ ቁጠረው» አሉኝ። ቆጠርሁት። ሦስት ሰዓት ተኩል ስንነዳ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ከባዱ ፍላጻ ቢሆን ኖሮ ያንን አጥንት ያልፍ ነበር ብዬ አልምልም። ወርች ላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ዳሩ ስስ ነው፣ ጉብታው ግን ወፍራም ነው፤ የትኛው ላይ እንዳረፈ የሚያውቀው ኮርማው ብቻ ነው። እርምጃውም የእሱ ነበር፣ ቢሆንም ወደ ትከሻው አስጠግቼ ያነጣጠርሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን በዚያ ክረምት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ጋራዡ ውስጥ ስቀመጥ፣ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ያንን ፍላጻ የመረጥሁት ሁሉ ነገር እንደ ተመኘሁት ለሚሆንበት ቀን ነበር፤ እንስሳው ለሚቆምበት፣ እጄ ለማይንቀጠቀጥበት፣ ብረቱ በሁለት ጎድን መካከል ለሚያልፍበት ቀን። በዚያ ቀን የትኛውም ፍላጻ ይበቃል። ምርጫ የሚያስፈልገው ለሌላው ቀን ነው።

ማንበብ ጀመርሁ። በዚህ ጉዳይ ስሙ ሳይጠራ የማይታለፍ ዶክተር ኤድ አሽቢ የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናታል ላይ ጀምሮ፣ ፍላጻ በእንስሳት አካል ውስጥ የሚያደርገውን ለብዙ ዓመታት መዝግቧል። አብዝቶ የሚጠቀስለት፣ ከባድ አጥንትን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመስበር 650 ግሬን አካባቢ ያስፈልጋል ያለው ነው። ጠቃሾቹ የሚዘነጉት ግን እሱ ከክብደት በፊት ሁለት ነገር ማስቀደሙን ነው፤ ፍላጻው የማይሰበር መሆኑንና ሳይንገዋለል ቀጥ ብሎ መብረሩን። በዚህ ቁጥር ዙሪያ አዳኞች ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ ብታዩ የቅኔ ተማሪዎች ይመስሏችኋል። ፈጣኖቹ ከባዶቹን «መጥረጊያ እንጨት ወርዋሪዎች» ይሏቸዋል፤ ከባዶቹ ፈጣኖቹን ምን እንደሚሏቸው እዚህ አልጽፈውም።

እኔ 650 ላይ አልደረስሁም። ምክንያቴም ክብደት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ከባዱ ፍላጻ ቶሎ ይወርዳል። በእኔ ቀስት 525 ግሬኑ 27 ሜትር ላይ ከቀላሉ በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ 36 ሜትር ላይ ደግሞ በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርቀቱን በሦስት ሜትር የተሳሳተ ሰው በቀላሉ ፍላጻ ምናልባት ሳንባ ያገኛል፣ በከባዱ ግን ፍሪምባ ሥር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከ30 ሜትር በላይ ላለመወርወር ለራሴ ቃል ገባሁና 525 ላይ ቆምሁ። ከባዱን መምረጥ በሌላ አነጋገር መቅረብን መምረጥ ነው፤ ለመቅረብ ደግሞ ነፋሱን ማወቅ፣ ጫማ አውልቆ በካልሲ መሄድ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ግንድ ኋላ መንበርከክ ያስፈልጋል። አንድ ያልጠበቅሁት በረከትም አገኘሁ፦ ቀስቷ ከባዱን ስትለቅ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ድምፅ ከሁለቱም ፍላጻዎቼ አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይደርሳልና የደነገጠ እንስሳ ፍላጻው ሳይደርስ ጎንበስ ማለት ይችላል፤ ዝምተኛ ቀስት ይህን ያሳንሰዋል።

ዘንጉንም መቀየር ነበረብኝ። የዘንግ ጥንካሬ «ስፓይን» ይባላል፣ አከርካሪ እንደ ማለት። 880 ግራም ያህል ክብደት መካከሉ ላይ ሲሰቀልበት በኢንች ሺኛ ስንት እንደሚጎብጥ ይለካና ቁጥሩ ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል። ከፊት ከባድ ራስ ሲታሰርበት ዘንጉ በሚለቀቅበት ቅጽበት ይበልጥ ስለሚጎብጥ ከ340 ወደ 300 ተሻገርሁ። ክብደቱም ወደ ፊት እንዲያደላ ራሱን 150 ግሬን አደረግሁት፤ ፊቱ የከበደ ፍላጻ ጅራቱ ይታዘዝለታል።

ራሱን መምረጥ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጥይት በድንጋጤም ይገድላል፤ ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱ ቢላዋ ነው፣ ሌላው ሁሉ እጀታ ነው። ተከፋቹ ራስ በበረራው ያማረ ነው፤ ሰፊ ይቆርጣል፣ የደም ዱካውም ለጋስ ነው፤ ለጎድን የሚያነጣጥር ብዙ አዳኝ በእሱ ደስተኛ ነው። ለመከፈት ግን ከፍላጻው ጉልበት ይበደራል፣ አጥንት በስላች ሲገጥመውም ያንሸራትተዋል። ቋሚው ራስ የሚከፈት ነገር የለውም፤ ከነካበት ጀምሮ ይቆርጣል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ምላጮቹ ፊት ለፊት እንደ ክንፍ ስለሆኑ ቀስቷ በጥቂት ከተዛባች ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ሁለት ወር ሙሉ በወረቀት ውስጥ እየወረወርሁ ቀዳዳውን ሳነብ ከረምሁ፤ ወረቀቱ ወደ ግራ ከተቀደደ ይህን አጥብቅ፣ ወደ ላይ ከተቀደደ ያን አላላ። በመጨረሻ የመረጥሁት ባለ ሁለት ምላጭ፣ ስለቱም እንደ መሮ በአንድ ወገን ብቻ የተሞረደ ነው። እንዲህ ያለው ሲገባ እንደ ብሎን ይሽከረከራል፤ አጥንት ካገኘ ለመውጋት ብቻ ሳይሆን ለመሰንጠቅም ይሞክራል። የላባዎቹ ጥምዝ ከስለቱ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሆነ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ባለ ሦስት ምላጩ የማይደፈን ቀዳዳ ያወጣል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀዳዳውን ሳይሆን ወዲያኛውን ጎን ነበር የምፈልገው።

ከዚያ መሳል ነው። ያልተሳለ ብረት የደም ሥርን ገፍቶ ያልፋል፤ የተሳለ ይቆርጠዋል። በእርጥብ ድንጋይ ላይ ስስል የምፈትነው በክንዴ ፀጉር ነበር። አንድ ማታ ባለቤቴ ክንዴ ላይ ያሉትን ራሰ በራ ቦታዎች አይታ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም፣ እዚያው አምባ ላይ፣ ንጋት ላይ አንዲት እንስት ከመንጋዋ ጥቂት ተለይታ 22 ሜትር ላይ ቆመች። ብዙ የምጽፈው የለኝም። ፍላጻው በሁለቱም ጎን አልፎ ከወዲያዋ መሬት ላይ ተተከለ። እሷ ዘለል አለችና ቆመች፤ ምን እንደ ነካት ለማወቅ እንደምትፈልግ ዘወር ብላ አየች፤ ሳር ልትነጭ አንገቷን ያዘነበለች መሰለኝ። ከዚያ ተራመደች፣ ከስልሳ እርምጃ በኋላ ወደቀች። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ስደርስ ዓይኗ ተከፍቶ ነፍስ የለባትም። ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ሥጋውን በአምስት ጉዞ በጀርባችን አወረድነው። የመጨረሻው ጉዞ የጨረቃ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ልጃችን ተወለደች፣ እናቴም ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከደብረ ማርቆስ መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍታ ቆመች።

«ይኼ ሁሉ የምን ሥጋ ነው?»

«የአደን ነው እማዬ። እኔ ያደንሁት።»

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

«ስንጥቅ ነው።»

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል።»

እፎይ አለች። ቀጥላ ግን ፈጽሞ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰህበታል?»

አንባቢዬ ያውቀዋል። ሳይባረክ፣ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው። የእናቴ አባት አዳኝ ነበሩ። ድኩላ ሲመቱ ምንሽራቸውን ጥለው ካራቸውን ይዘው እንደሚሮጡ፣ ነፍስ ካለው ላይ ደርሰው በስመ አብ ብለው እንደሚያርዱ፣ ካልደረሱ ግን ሥጋውን ለአሞራ ትተው ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ስታወራ ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመዝን፣ ስሞርድ፣ ወረቀት ስቀድ የኖርሁት አዳኙ ከመድረሱ በፊት ነፍስ እንዲወጣ ነው። የእኔ ፍላጻ በበጎነቱ መጠን የእናቴን ካራ ያስቀድመዋል። ለማስረዳት ሞከርሁ።

«እማዬ፣ በሕይወት ደርሼባት ቢሆን ኖሮ አበላሽቻለሁ ማለት ነበር። ተሠቃይታለች ማለት ነበር።»

«እሱስ ደግ። ግን ማን ባረካት?»

ዝም አልሁ። ከዚያ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ «ይስሐቅም እኮ የኤሳውን አደን ይወድ ነበር» አልኋት።

«ይወድ ነበር» አለች፣ ማቀዝቀዣውን እየዘጋች። «የመረቀው ግን በግልገል ሥጋ ነው። የሠራችውም እናቲቱ ናት።»

ለክርስትናው ሥጋውን ራሷ ጠበሰችው፤ በሚጥሚጣ፣ በቅቤ፣ በሮዝመሪ። እንግዶቹ እጃቸውን እስኪልሱ በሉት። እሷ ሽሮ በላች። ማንንም አልከለከለችም፤ አፏን ሞልታ «ጣዕሙስ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

በማግሥቱ «ያን መሣሪያህን አሳየኝ» አለችኝ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ሰጠኋት። ከባዱን ፍላጻ ተቀብላ ስለቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ሞከረችው፤ ባለሞያ ካራ የምትሞክርበት አሞካከር ነው። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዘንጉን አንድ ጣቷ ላይ አጋድማ ሚዛኑን ፈለገች፣ ሃምሳ ዓመት እንዝርት የያዘ እጅ ነውና ወዲያው አገኘው። «ወደ ራሱ ያደላል» አለች። እኔ በቀመር ያሰላሁትን እሷ በጣቷ አነበበችው። ስንት እንደሚመዝን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ስለ ስምንቱ ግራምም ነገርኋት። ልክ ስጨርስ ዓይኗ ምስማር ላይ በተሰቀለው ግማሽ ፍላጻ ላይ አረፈ።

«ያስ?»

ለማንም የአገሬ ሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ እንኳ «ሳትኩ» ብያት ነው ያለፍሁት። ለእናቴ ግን ሁሉንም ነገርኋት፤ እርምጃውን፣ ድምፁን፣ ቅጠሏ ላይ ያለችውን ጠብታ፣ ሁለቱን ቀን። እጇን ጭኗ ላይ አኑራ አዳመጠችኝ። በክት የምትለው ቃል አንድ ጊዜም ከአፏ አልወጣችም።

«ሞተ?» አለች በመጨረሻ።

«አላውቅም። ሊተርፍ ይችላል ብለውኛል።»

«ያንተን ብረት ይዞ።»

«አዎ፣ ይዞ።»

ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ግማሹን ፍላጻ ከምስማሩ አውርዳ ስብራቱን አየችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሚዛን አየችና ልታስቀምጥበት እጇን ሰነዘረች። ሳታስቀምጠው መለሰችው። ምስማሩ ላይ እንደ ነበረ ሰቀለችው፤ ላባው የተጣጠፈበትንም በሁለት ጣቷ አቃናችው።

«ሊጥ አቡክቼ ነው የመጣሁት» አለችና ወደ ቤት ገባች።